ሰዓቱ እየሄደ ሜኑ ሲገለበጥ፦ የቴሌቪዥን ሼፎችና የእኛ ኪችን

ምድጃ ዳር (ለገጣፎ) — እሑድ ማታ 3:15

ሰላም ለሁላችሁ። ለገጣፎ መንገድ ላይ ባለ አንድ ሆቴል ኪችን ውስጥ ነው የምሠራው። ሰባት ዓመት ሞላኝ። ከሽፍት ወጥቼ፣ እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ የማየው ነገር ቢኖር የምግብ ውድድር ነው። በተለይ «ቾፕድ» የሚባለውን የአሜሪካ ውድድር።

ላላያችሁት ሕጉን ልንገራችሁ። አራት ሼፎች ይገባሉ። ሁሉም በሙያው የሚኖሩ ናቸው። የተከደነ ቅርጫት ይሰጣቸዋል። ውስጡ አራት ነገር አለ፤ ክዳኑ እስኪነሳ ምን እንደሆነ አያውቁም። አራቱንም ሳህኑ ላይ ማሳየት ግዴታ ነው። ለመግቢያው ምግብ 20 ደቂቃ፣ ለዋናው 30፣ ለጣፋጩ 30። በየዙሩ አንድ ሰው ይሰናበታል። የመጨረሻው 10,000 ዶላር ይዞ ይወጣል።

ብዙ ካየሁ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። ከሚሸነፉት ብዙዎቹ ማብሰል አቅቷቸው አይደለም። ክዳኑ ሲነሳ አንድ ሐሳብ ይይዛሉ። እንደማይሆን እያዩም አይለቁትም። ሩዙ እንደማይደርስ እያወቁ ድስቱ ላይ ቆመው ይጠብቁታል።

ይህን የምጽፈው ባለፈው ረቡዕ እኔም እንደዚያ ስለሆንኩ ነው። የ62 ሰው የምሳ ኦርደር ነበረን። የሥልጠና ቡድን ነው። የተላከልን ወረቀት ላይ ሁሉም ፍስክ ይላል። ዶሮ አሮስቶ፣ ድንች በኦቨን፣ ሩዝ፣ ሰላጣ። 5 ሰዓት ከሩብ ላይ መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ አምፖሉንና ፍሪጁን ያነሳል እንጂ ኦቨኑን አይችልም። ይህ ሳያንስ አስተናጋጇ እየሮጠች መጣች። «ጾመኛው 40 ነው» አለች። ምሳው 6 ሰዓት ተኩል ነው።

እኔ ምን አደረግኩ? ኦቨን ውስጥ የነበረውን ድንች አውጥቼ በመጥበሻ ላድነው ታገልኩ። ሁለት መጥበሻ፣ 12 ኪሎ ድንች። ውጪው ይጠቁራል፣ ውስጡ ጥሬ ነው። ሩብ ሰዓት እንዲሁ አቃጠልኩ።

ሼፋችን ሴት ናት። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። «ሁላችሁም እሳት ቀንሱ፤ እጃችሁን አንሱ» አለች። ስድስት ሰው ዝም ብሎ ቆመ። «ያለንን ተናገሩ።» የሽንብራ ዱቄት፣ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ጠዋት የተሠራ አንድ ድስት ቁሌት፣ እንጀራ፣ ሁለት ሙሉ ቡታጋዝ። «አሁን ደግሞ የምንተወውን ንገሩኝ» አለች። ማንም አልመለሰም። ራሷ መለሰች። ኦቨን ተተወ። ሩዝ ተተወ። ድንቹ ተከታትፎ ከጎመኑ ጋር ገባ። ዶሮው ተቆራርጦ በጥብስ ወጣ፣ ለ22 ሰው ብቻ። ለጾመኛው የሽንብራ አሣ ሆነ።

የሽንብራ አሣ ሲሠራ ያላየ ካለ ይስማኝ። ዱቄቱ በዘይትና በጥቂት ውሃ ይታሻል፤ ጨውና ትንሽ ጥቁር አዝሙድ ይገባበታል። ሊጡ ጠንከር ማለት አለበት። እሷ በመዳፏ ተጭና ስስ አደረገችው። በቢላ ጫፍ አሣ አድርጋ ቆረጠችው፣ ጅራቱን ሰነጠቀችው፣ ዓይኑን በሹካ ወጋችው። እኔ እጠብሳለሁ። ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ይሰጥማል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ጠርዙ ወርቅ ይመስላል። አውጥተን ቁሌቱ ውስጥ ጣልነው። 6 ሰዓት ከ35 ላይ የመጀመሪያው ትሪ ወጣ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ይሄ መተው የሚባለው ነገር እንዴት ይለመዳል? ሁለተኛ፣ ሼፏ ጾመኛ ናት። ዶሮውን አልቀመሰችም። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና «ጨው አንሶታል» አለችኝ። ቀመስኩት። እውነትም አንሶታል። ቴሌቪዥን ላይ ሳይቀምስ ሳህን ላወጣ ሼፍ ዳኞቹ አይራሩም። የእኛ ጾመኛ ሼፍ እንዲህ ያለ ውድድር ቢገባ ምን ያደርጋል?

ኮዬ አራተኛ ፎቅ (ኮዬ ፈጬ) — እሑድ ማታ 3:50

ወንድሜ፣ እጃችሁ ይባረክ። 40 ጾመኛ በአንድ ሰዓት ከሩብ ማስተናገድ ቀላል አይደለም።

እኔ ሼፍ አይደለሁም፣ ተመልካች ነኝ። ግን የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የእኛ ምግብ ለዚህ ዓይነት ውድድር የሚሆን አይመስለኝም። ዶሮ ወጥ በ30 ደቂቃ እንዴት ይሆናል? ሽንኩርቱ ብቻውን ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እንጀራው ሦስት ቀን ይቦካል። ኢትዮጵያ የተወለደው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን በ2010 እ.ኤ.አ. «ቶፕ ሼፍ ማስተርስ» የተባለውን የአሜሪካ ውድድር ሲያሸንፍ በጣም ኮርቻለሁ። በመጨረሻው ዙር እነ ሱሱር ሊንና ሪክ ሙነንን በልጦ 100,000 ዶላሩን ለበጎ አድራጎት አስገኘ። ግን እሱ ያደገው ስዊድን፣ የሠለጠነው በአውሮፓ ኪችን ነው። እዚህ ያደገ ወጥ ሠሪ እዚያ መድረክ ላይ ቢቆም፣ ቅርጫቱ ሲከፈት ምን ይዞ ይነሳል?

ነጭ ቆብ (ሱሉልታ) — እሑድ ማታ 4:30

ልጄ ኮዬ፣ ጭንቀትህ ገብቶኛል፤ ግን አልስማማም። እኔ ከኪችን ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ወጣቶችንም አሠልጥኛለሁ።

የእኛ ምግብ ሁሉ ዝግ ያለ ነው ያለህ ማነው? ዱለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ጥብስስ? ክትፎስ? ፍርፍርስ? ጨጨብሳስ? ሥጋ ቤት ሄደህ ዱለት አዝዝ። ጨጓራው፣ ጉበቱና ቀይ ሥጋው በደንብ ተከትፎ፣ ቅቤና ሚጥሚጣ ነክቶት፣ ቢራህን ሳትጨርስ ይመጣልሃል። ይህ በ20 ደቂቃ ዙር ውስጥ በምቾት የሚገባ ምግብ ነው። እኛ ስለ አገራችን ምግብ ስናስብ ሁሌ የበዓሉን ድስት ብቻ ስለምናይ ነው እንጂ፣ የዘወትሩ ምግባችን ፈጣን ነው።

ማርከስም ቢሆን፣ በርበሬን ከሕፃንነቱ ይዞት አልሄደም። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ስትሞትበት ገና ሕፃን ነበር። ካደገና ሼፍ ከሆነ በኋላ ነው ተመልሶ የአገሩን ቅመም የተማረው። እኔ ከእሱ የምወስደው ይህን ነው። ሰው የማያውቀውን ንጥረ ነገር በጎለመሰ ዕድሜው ተምሮ የራሱ ሊያደርገው ይችላል።

ምድጃ ዳር፣ ወደ አንተ ልምጣ። ድንቹ ለምን እንዳሸነፈህ አንድ ምክንያት ልንገርህ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ፣ ድንቹ ውስጥ ያለው ሳይቀር፣ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 አካባቢ ነው። ሱሉልታ ላይ ከዚያም ዝቅ ይላል። ስለዚህ በውሃ የሚበስል ነገር ሁሉ፣ ድንቹም ባቄላውም ሽንብራውም፣ ቴሌቪዥን ላይ ከምታየው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። እሳቱን ብትጨምር ውሃው ይተናል እንጂ አይሞቅም። ኒው ዮርክ ስቱዲዮ ውስጥ በ12 ደቂቃ የደረሰ ድንች እዚህ አይደርስልህም። የሚያድንህ ሁለት ነገር ነው፦ ቢላና ክዳን። አሳንሰህ ክተፍ፣ ክደን። ባቄላና ምስር ላይ ደግሞ ቲማቲም ቀድመህ አትጨምር፤ ኮምጣጣ ነገር እንዳይለሰልሱ ይይዛቸዋል። መጀመሪያ ይብሰሉ፣ ቲማቲሙ በኋላ ይግባ።

መተው እንዴት ይለመዳል ላልከው፣ ከጃፓኖቹ ውድድር አንድ ነገር ተምሬአለሁ። «አይረን ሼፍ» በ1993 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ተጀመረ፤ ሕጉ አንድ ሰዓትና አንድ ሚስጥራዊ ንጥረ ነገር ነበር። የሚወጣው ምግብ ሁሉ ያንን ነገር መያዝ አለበት። እኔ እንደተረዳሁት እዚያ ያሉት ሼፎች መጀመሪያ ምን ያህል ምግብ እንደሚያወጡ ይወስናሉ፤ እንዴት እንደሚሠሩት የሚያስቡት ከዚያ በኋላ ነው። ተማሪዎቼን ይህን አስለምዳቸው ነበር። ወረቀት ላይ አምስት ምግብ ጻፉ እላለሁ። ከዚያ ሁለቱን ሰርዙ። ሲሰርዙ ፊታቸውን አያለሁ። የሚያመውን መሰረዝ የቻለ ልጅ ኪችን ውስጥ ይቆያል።

ስለ ጨው ግን አንድ ነገር ልበል። ጨው ሽታ የለውም። ሼፋችሁ አሽታ አላወቀችም። ጠይቃትና ንገረን።

የሰበታ ልጅ — ሰኞ ጠዋት 2:10

እኔ የሆቴል ሙያ ተማሪ ነኝ። ሁለተኛ ዓመት። የተማርነው «ሼፍ መቅመስ አለበት» ተብሎ ነው። በየደረጃው ቅመስ ይሉናል። እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ጾሙን መግደፍ አልፈልግም። መምህራችን በቀማሽ ሥሪ አለኝ፤ ጓደኛዬ ትቀምስልኛለች። ፈተና ላይ ግን ብቻዬን ነኝ። ውድድር ላይም ብቻዬን ነኝ። በዓመት ከ200 በላይ የጾም ቀን ባለበት አገር ይህ የጥቂት ሰው ችግር አይመስለኝም። ነጭ ቆብ፣ እባክዎ መላ ካለዎት ይንገሩኝ።

የቡራዩዋ — ሰኞ ጠዋት 3:00

ሰበታ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ረመዳን ላይ ያው ጥያቄ አለብን። ምግብ ሠሪ ካስፈለጋት በምላስ ጫፍ ነክታ ብትተፋው ችግር የለውም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እኔ ግን አላደርገውም፤ ልቤ አይረጋም። ለአፍጥር ሾርባና ሳምቡሳ ስሠራ ጨውን በማንኪያ እለካለሁ። ከረመዳን በፊት ባሉት ቀናት ያንኑ ሾርባ ሠርቼ፣ ቀምሼ፣ ስንት ማንኪያ እንደሚበቃው ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ጾሙ ሲገባ ደብተሩን ብቻ እከተላለሁ።

ነጭ ቆብ — ሰኞ ጠዋት 3:40

የቡራዩዋ የተናገረችው ትክክለኛ የሙያ ሥራ ነው። ሰበታ፣ አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ትንሽ ሚዛን ግዢ። ለአንድ ኪሎ ወጥ ወይም ሾርባ 10 ግራም ገደማ ጨው ለብዙ ሰው አፍ ይስማማል። በርበሬሽ ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ከሆነ ከዚያ ቀንሺ። መለካት የጀማሪ ምልክት አይደለም። ትልልቅ ኪችኖች በግራም ነው የሚሠሩት።

የሰንዳፋዋ እናት — ሰኞ ከሰዓት 9:20

ይህን የምትጽፈው ልጄ ናት፤ እኔ እየነገርኳት።

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ቴሌቪዥኑን ብዙ አላይም። ግን የድግስ ወጥ ስሠራ 40 ዓመቴ ነው። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር። ሳይቀምሱ መሥራት ስትሉ ገረመኝ። የፋሲካው ዶሮ መቼ ነው የሚሠራው? ጾሙ ሳይፈታ አይደለም እንዴ? ቅዳሜ ሽንኩርቱ ድስት ይገባል፤ የሚበላው ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነው። የጾመችው ሴት ሁሉ የዓመቱን ትልቅ ወጥ ሳትቀምስ ነው የምታወጣው። እንግዳም ይበላዋል፣ ያመሰግናታል።

ሰበታ ልጄ፣ መጀመሪያ ጆሮሽን ስጪው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ሲገባ ውሃውን ያወጣል፤ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ነው። ውሃው ሲያልቅ ቸስ ቸስ ይላል። ያን ጊዜ ማማሰያውን እንዳትለቂ። በርበሬው ገብቶ ሲንተከተክ ደግሞ ድምፁ ይወፍራል፣ ቱፍ ቱፍ ይላል፣ እንደ ገንፎ። ከዚያ አፍንጫሽን። ጥሬ በርበሬ ጉሮሮ ይይዛል፣ ያስላል። የበሰለ በርበሬ ጣፋጭ ነው ሽታው። ክዳኑን ከፍተሽ ፊትሽን ስታስጠጊ ካላሳለሽ፣ በርበሬው በስሏል። ከዚያ ዓይንሽን። ቅቤው ከወጡ ተለይቶ ድስቱ ጠርዝ ላይ ቀይ ቀለበት ይሠራል። ያ ቀለበት ሳይታይ የዶሮውን 12 ብልት አታስገቢ። ጨውን እጄ ያውቀዋል፤ የእኔ እጅ ግን 40 ዓመት ፈጅቶበታል። አንቺ ጋሼ እንዳሉሽ በሚዛን ጀምሪ። ሲያጠራጥረኝ ለማይጾም ሕፃን አቀምሳለሁ።

ቸኩሎ ሽንኩርት ማብሰልን በተመለከተ፣ ሶዳ ቆንጠር አድርገው የሚያለሰልሱ አሉ። ቶሎ ይቀልጣል፣ እውነት ነው። እኔ አልወደውም፤ ሽንኩርቱ ጣዕሙ ይጠፋብኛል። ግማሽ ሰዓት ብቻ ካለሽ ዶሮ ወጥ አትጀምሪ። የምትችዪውን ሥሪ። የዚያ ሆቴል ሼፍ ያደረገችው ትክክል ነው። እኔም ሰርግ ላይ አንድ ጊዜ ውሃ ጠፍቶብኝ ሦስት ዓይነት አልጫ ትቼ አንድ አልጫ አብዝቼ አውጥቻለሁ። ማንም «ሌላው የት አለ» አላለኝም።

ኮዬ አራተኛ ፎቅ — ሰኞ ማታ 1:30

እትዬ፣ እናቴም በአፍንጫዋ ነበር የምትሠራው፤ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ሐሳቤን ለውጫለሁ። ቅርጫት ሲከፈትበት ጆሮና አፍንጫ ይዞ የሚነሳ ሰው ባዶ እጁን አይደለም። እንጀራው ላይ ግን አሁንም ጥያቄ አለኝ። በአምቦ ውሃ በ20 ደቂቃ እንጀራ የሚጋግሩ ዩቲዩብ ላይ አይቻለሁ። ያ ይቆጠራል?

የሰንዳፋዋ እናት — ሰኞ ማታ 2:05

ዓይን ያወጣል ልጄ፣ ይበላልም። ግን እርሾና አብሲት ያላየ እንጀራ አይባልም። ቂጣ በሉት፤ ቂጣም ክብር አለው።

ምድጃ ዳር — ረቡዕ ማታ 4:00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እትዬ የተናገሩትን ለኪችኑ ሁሉ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ።

ሰኞ ሥራ ቀዝቀዝ ስለሚል ሼፏን አስፈቅጄ ሙከራ አደረግን። ሦስት ሰው፦ እኔ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ አንዲት ገና ስድስት ወር ያልሞላት ረዳት። 30 ደቂቃ፣ የጾም። እቃ አጣቢያችን አራት ነገር መርጦ ፎጣ ሸፍኖ አመጣ። ፎጣው ሲነሳ ተልባ፣ ቀይ ሥር፣ ብርቱካንና ድርቆሽ።

እኔ ቀይ ሥሩን ከትፌ ከደንኩት፣ ነጭ ቆብ እንዳሉኝ። ደረሰልኝ። ነገር ግን ተልባውን ስቆላው ዓይኔ ቀይ ሥሩ ላይ ነበር። ተልባ ሲቆላ ይፈነጥራል፤ ፍንጠራው ሲበዛ ማውጣት ነው። አሳለፍኩት፤ መረረ። ሌላ ለመቁላት ጊዜ ስላልነበረኝ እንደመረረ አቀረብኩት።

ረዳቷ ቀይ ሥሩን ሙሉውን ነበር ድስት ውስጥ የጣለችው። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ በሹካ ወጋችው፤ አልገባም። አየኋት፤ ለትንሽ ጊዜ ቆመች። ከዚያ ድስቱን አወረደችው፣ ውሃውን ደፋችው፣ ቀይ ሥሩን በመፈቅፈቂያ ፈቀፈቀችው። በብርቱካን ጭማቂ፣ በቃሪያና በጨው አሸችው፤ ጥሬውን። ተልባዋን ለብቻው፣ ሌላ ምንም ሳትነካ፣ በዝግታ ቆላችው። ፈጨችው፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጠችው፣ ድርቆሹን ፈተፈተችበት። ቀይ ሥሩን መሐሉ ላይ አስቀመጠችው። ብርቱካኑ ተልባው ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ ቀለሙ ያምር ነበር። ሼፏ የጾም ስለሆነ ቀመሰችው። ሁለቴ ጎረሰች። «ይህ አርብ ሜኑ ላይ ይግባ» አለች።

ጨውንም ጠየቅኳት። ነጭ ቆብ ልክ ነበሩ። «ያሸተትኩት በርበሬው መብሰሉን ለማወቅ ነው» አለችኝ። «ጨውን ያወቅኩት እጅህን አይቼ ነው። ዶሮው ሁለት መጥበሻ ነበር፤ አንተ የቆነጠርከው ለአንዱ ብቻ ነው።» በዚያ ሁሉ ግርግር፣ መብራት ጠፍቶ፣ 40 ጾመኛ በር ላይ ቆሞ፣ የስድስታችንን እጅ ስታይ ነበር።

የሰበታ ልጅ — ረቡዕ ማታ 4:25

ሚዛን ገዝቻለሁ። ደብተርም። የረዳቷን ምግብ ነገ እሞክረዋለሁ፤ ተልባው ስንት ግራም እንደነበር ብትጠይቅልኝ?

የሰንዳፋዋ እናት — ሐሙስ ጠዋት 1:40

ሼፋችሁን ሰላም በልልኝ። ያቺን ረዳት ልጅም። እሑድ እዚህ ሰርግ አለን፤ የ400 ሰው ነው። ሁለቱም የሚመቻቸው ከሆነ ይምጡና አብረን እንሥራ። አንተም ና። ሽንኩርት መላጥ የምንጀምረው ቅዳሜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ቢላህን ስለህ ና፤ የእኛዎቹ ደንዘዋል።